ታምራት የጻፈልኝ የኤግዚቢሽን ምክር

«ፍሬሕይወት ከአንድ ጴንጤ መካኒክ ጋር ጠፋች» ብሎ ሶዶ ሙሉ አውርቶብኛል። አልጠፋሁም። የሚጠፋ ሰው የሚኒባስ የፊት ወንበር ይዞ፣ መናኸሪያው ሁሉ እያየው፣ ረዳቱን በስሙ እየጠራ አይሳፈርም። እኔና ታምራት አዲስ አበባ የሄድነው የመኪና ኤግዚቢሽን ልናይ ነው። አብረን መሄዳችንን ግን አልክድም፤ ለምን እክዳለሁ?

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቴ አቶ ተክለጻድቅ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የመለዋወጫ ሱቅ አለው። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው ስድስት ዓመት። የባጃጅ ካንዴላ፣ ፍሬን ሸራ፣ ቺንጊያ፣ የቱ ደህና የቱ ውራጅ እንደሆነ በእጄ ዳስሼ እለያለሁ።

ታምራት ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ አለው። የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ ጠዋት መጣና የሸጥኩለትን ኩሽኔታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ሦስት ቀን አልሠራም» አለኝ።

«መግጠም ስላልቻልክ ነዋ።»

አልተቆጣም። ከመደርደሪያው አዲስ አንድ አስወረደኝና ሁለቱንም ፊቴ ፈትቶ ብዮቹን ዘረገፈልኝ። ግማሾቹ ትልልቅ፣ ግማሾቹ ትንንሽ። ፊቴ ተቃጠለ። ያንን ዓይነት ኩሽኔታ ከዚያ ቀን ወዲህ ሸጬ አላውቅም።

በነጋታው ካንዴላ ሊገዛ መጣ። በማግስቱም ካንዴላ። በየቀኑ ካንዴላ የሚገዛ መካኒክ የት አገር አለ? ቆሞ ያየኛል፣ ቀና ስል ዓይኑን ወደ መደርደሪያው ይመልሳል። እኔ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፤ ወደድኩት።

ችግሩ አባቴ ነው። የእኛ ቤት ከቅድመ አያቴ ጀምሮ የኦርቶዶክስ ቤት ነው፣ የታምራት ቤተሰብ ጴንጤ። አባቴ የታምራትን ስም በሰማ ቁጥር ጉልበቱን ማሸት ይጀምራል።

ባለፈው ዓመት የነዳጅ ባጃጅ መግባቱ ቀርቶ ሰው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪኩ ሲጠይቀኝ፣ ኤግዚቢሽኑን ሄጄ ካላየሁ አልኩ። ታምራት ካቻምና ሄዶ ስለነበር ምክር ለመንኩት። የዘይት ካርቶን ቀዶ ጀርባው ላይ ጻፈልኝ።

«አዲስ ጫማ እንዳታደርጊ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቢ፤ ከሰዓት በኋላ ፎቶ የሚነሣ ሰው ነው የሚሞላው። መጀመሪያ ምንም ሳትጠይቂ አንዴ ዙሪ። የሚያድሉሽን ወረቀት ሁሉ አትሸከሚ፣ ክንድሽ ይገነጠላል። መለዋወጫውን ቀድመሽ ጠይቂ፣ ዋጋውን መጨረሻ። ክዳኑን አስከፍቺ። ያልገባሽን አልገባኝም በይ፤ እዚያ ያለው ግማሹ ሰው አልገባውም።»

አንብቤ ጨረስኩና «ይሄን ሁሉ ከምትጽፍ ለምን አብረኸኝ አትሄድም?» አልኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ንጹሑን እጁን።

«አባትሽስ?»

«አባቴ ኤግዚቢሽኑ ላይ የለም።»

«እንግዲያው አንቺ ቀድመሽ ተሳፈሪ፤ እኔ በሚቀጥለው መኪና እመጣለሁ፣ ሆሳዕና ከተማ እንገናኝ።»

«ምን ሰርቀናል?» አልኩት። ጎህ ሲቀድ አብረን ተሳፈርን።

አዲስ ጫማ አድርጌ ነው የሄድኩት። ቀይ፣ ተረከዙ ረዘም ያለ። ከወላይታ መጣች ብለው እንዲንቁኝ አልፈለግሁም። አዳራሹ ግን እንደ ሜዳ ነው፤ አንድ ዙር ሳልጨርስ ተረከዜ ተላጠ። ፊቴን ሳላኮሳትር፣ እንደ ሙሽራ በዝግታ መራመድ ያዝኩ።

ታምራት አንድ ጥግ አስቁሞኝ ቦርሳውን ከፈተ። ከሶዶ ገበያ የተገዛ ነጠላ ጫማ አወጣ፣ በልኬ።

«ይሄን መቼ ገዛኸው?»

«ምክሩን የጻፍኩልሽ ቀን። እንደማትሰሚኝ አውቄ ነበር» አለና ጎንበስ ብሎ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ።

ሰው እየተጋፋን ያልፋል። እኔ አንድ እግሬን አንሥቼ ቆሜያለሁ። ሰው እንዲህ አውቆኝ አያውቅም፤ አውቆኝ ደግሞ ሊለውጠኝ አልሞከረም። ይሄን ሰው ለማንም አልለቅም አልኩ በልቤ።

በነጠላ ጫማዬ ወደ አንዱ ባለሦስት እግር ኤሌክትሪክ ሄድን። ሻጩ ለእኔ ወንበር አቀረበልኝና ፊቱን ወደ ታምራት አዙሮ ስለ ባትሪው ማስረዳት ጀመረ።

«እኔን ተወኝ» አለው ታምራት። «የምትገዛው እሷ ናት። እኔ ፈትቼ ነው የማየው።»

ወንበሩን ትቼ ተነሣሁ። «ክዳኑን ክፈትልኝ» አልኩት። «የእኛ አገር ጭቃ ቀይ ነው፣ ሲይዝ አይለቅም። ከሶዶ በዴሳ ሰባት ሰው ጭኖ፣ ከላይ ጆንያ አስሮ ነው የሚሄደው። ሞተሩ ውስጥ ውኃ ቢገባ መለዋወጫውን ከየት አመጣለሁ?»

«ሰባት ሰው አይጫንበትም፣ እመቤት።»

«አይጫንበትም። ግን ይጫንበታል።»

ከኋላው የቆመች ትሕትና የምትባል መሐንዲስ ሳቀችና እሷ ተቀበለችን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትፈታ ስንገጥም ቆየን። ሶዶ ላይ ሱቅና የሠለጠነ መካኒክ አንድ ላይ ካለ መለዋወጫውን እንደሚልኩ ነግራን፣ ስልካችንን ጻፈች። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሶዶ ስንመለስ አባቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

«ከመናኸሪያ ስምንት ሰው ደወለልኝ» አለኝ።

«ሳልደበቅ ስለሄድኩ ነው፣ አባዬ።»

«ለዚያ ልጅ አልሰጥሽም። ሃይማኖቱ ሌላ፣ ወገኑ ሌላ። ሽማግሌ የላከ እንደሆነም በሬን አልከፍትም።»

ስለ መለዋወጫው ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ታምራት ለሱቁ ስለሚጠቅም ብቻ እሺ እንዲለኝ አልፈለግሁም። ሰውየውን ራሱን ይቀበልልኝ።

አባቴ ያለውን ለታምራት ነገርኩት። ይናደዳል፣ በነጋታው ሽማግሌ ይልካል ብዬ ነበር። እሱ አንገቱን ደፋ።

«ሽማግሌ የምልከው አጎቴን ኤርሳዶን ነው። ሰባ ዓመቱ ነው፣ ሰው አሳፍሮት አያውቅም። በእኔ ምክንያት ደጃፍ ላይ ሲመለስ ማየት አልችልም።»

«እኔስ?»

«አንቺን እጠብቃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

ዓይኑን ወደ መደርደሪያው መለሰ። ይሄን ነገሩን እወድለት ነበር፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት። ሦስት ሳምንት ካንዴላ አልሸጥኩለትም።

በአራተኛው ሳምንት በዴሳ ወረድኩ። አቶ ኤርሳዶ እህል መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ሳሮ» ብዬ በወላይትኛ ሰላም አልኩትና ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

«ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

«የት ነው የምሄደው?»

«እኛ ቤት። አባቴ ዘንድ። የምልክዎ እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ፣ ከዚያ ከዘራውን አነሣ። «ጎበዝ ነሽ አንቺ» አለኝ። ሁለተኛው ሽማግሌ የአባቴ የማኅበር ጓደኛ አቶ በድሉ ሆነ፤ እሱን ለማሳመን ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አባቴ በድሉን ሲያይ ምን ያድርግ፣ በሩን ከፈተ። ቁጭ በሉ ቢላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ደንቡ ነው። ሴት ልጅ በዚህ ጊዜ ጓዳ ነው የምትደበቀው። እኔ ሳሎን በር ላይ ቆምኩ።

«ማን ልኳችሁ ነው?» አለ አባቴ።

«ልጅዎ» አለ በድሉ።

«እየጠየቅሁ ያለሁት የላካችሁን ነው።»

«የላከችን ልጅዎ ፍሬሕይወት ናት። የኤርሳዶን የወንድም ልጅ ታምራትን ጠይቁልኝ ብላ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ በዕድሜዬ አርባ ቤት ሽማግሌ ሄጃለሁ» አለኝ። «እንዲህ ያለ አላየሁም።»

«ሽማግሌ የመለሰ ቤት አይባረክም ስትል ነው ያደግሁት፣ አባዬ። እኔስ ሽማግሌ አልላክሁም?»

«ሃይማኖቱስ?»

«እሁድ ጠዋት እሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኔ። ምሳ አንድ ላይ። ቄሱን እኔው አነጋግራቸዋለሁ።»

አባቴ ጉልበቱን አሸ። «ልጁስ ምን አለ?»

በድሉ ኤርሳዶን አየ፣ ኤርሳዶ እኔን። እኔ ኤርሳዶ ለታምራት የነገረው መስሎኝ ነበር። ኤርሳዶ ደግሞ ሽማግሌ የሚሄድበትን አስቀድሞ አያወራም፣ እሷ ትነግረዋለች ብሎ ዝም ብሏል። ሰውየውን የጠየቀው የለም።

«ጥሪው» አለ አባቴ።

ደወልኩ። «ና» አልኩት።

«ምን ሆናችሁ? ጋሼን አመማቸው?»

«ና ብቻ።»

ከጸሎት ቤት በሱፉ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ እያለከለከ ገባ። አጎቱን ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ ሲያገኘው ክው አለ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ እኔ ሽማግሌ ልኬ እሱ ቢያፍርብኝስ?

«ይቺ ልጅ አንተን ልታገባ ሽማግሌ ልካብኛለች» አለው አባቴ። «ምን ትላለህ?»

ታምራት አየኝ። በዚህ ጊዜ ዓይኑን ወደ የትም አልመለሰም።

«እኔ ነበርኩ መላክ የነበረብኝ፣ ጋሼ። ፈራሁ። በፍርሃቴ ያፈርኩት በራሴ ነው፣ በእሷ አላፍርም። ከፈቀዱልኝ አገባታለሁ።»

«ትችላታለህ?»

«አልችላትም። ልችላትም አልፈልግም። ከጎኗ መቆም ነው የምፈልገው።»

አባቴን ሳይፈልግ ፈገግታ አመለጠው። «እኔም ሃያ ሰባት ዓመት አልቻልኳትም» አለና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ቁጭ በሉ እንግዲህ። ቆማችሁ አትዋሉ።»

ኤርሳዶ ተቀመጠ፣ በድሉ ተቀመጠ። እኔ አልተቀመጥኩም፤ ሄጄ ከታምራት ጎን ቆምኩና፣ አባቴም ሽማግሌዎቹም እያዩ፣ እጁን ያዝኩት።