«እንጉዳይ» ያላት ማን ነው?

ስም ሰብሳቢው ሽማግሌ በጥናት ክፍላቸው ወለል ላይ፣ ከተጋደመ መሰላል አጠገብ፣ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቶ ነበር። ግድግዳውን ከሞላው ባለመሳቢያ ሣጥን ላይ «አ» የተጻፈበት የላይኛው መሳቢያ ተከፍቶ ቀርቷል።

መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች ደረጃውን ወጣች። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ለቅጥነቷ እንዳይመስላችሁ፤ መቅጠን ከተዋት ቆይቷል። መሰላሉን አስነሥታ ወጣችና በተከፈተው መሳቢያ ውስጥ ያለውን አገላበጠች። የተሰበረ መነጽርና የደረቁ ብዕሮች ብቻ ናቸው። መሳቢያውን ዘጋችው፤ መሰላሉንም ወደ ጓዳ አስወሰደችው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፤» አለ አስር አለቃው። «ያሳደጓት ልጅ ገፍታቸዋለች። ጠዋት ሲጨቃጨቁ አታሚው ሰምቷል። በስድስት ሰዓት እንወስዳታለን።»

«ስድስት ሰዓት ገና ነው። እስከዚያ ማንም ከማንም እንዳይነጋገር በሩን ጠብቅ።»

የሽማግሌውን የስም መዝገብ የሚያትመው ሰው ቀለም የነካውን ጣቱን እያሻሸ ቀረበ።

«መቼም አልዋሽም፣ ሰምቻለሁ። ‹ይሄን ስም ይቀይሩልኝ!› እያለች ታለቅስ ነበር። እኔ የኀዘን ስሞችን ጥቅል ተቀብዬ ወጣሁ።»

«የኀዘን ስሞች ማለት?»

«እሳቸው ስሞቹን የጻፉባቸውን ካርዶች በፊደል አያስቀምጡም። ስሙ በወጣበት ምክንያት ነው፤ የኀዘን፣ የስለት፣ የደስታ እያሉ። ሣጥኑን የገዙት ከተዘጋ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ፊደሎቹ የዚያ ቤት ናቸው። እኔንም መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር።»

ልጅቷ ወጥ ቤት ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ስምሽን ለምን ጠላሽው?»

«እንጉዳይ ተብሎ ስም አለ? ሲስቁብኝ ነው ያደግሁት። ትርጉሙን ስጠይቃቸው ‹መጽሐፉ ሲወጣ ታነቢዋለሽ› ይሉኛል። ዛሬ መረረኝና ጮህኩባቸው። ከዚያ ገበያ ሄድኩ፤ ስመለስ...» እንባዋን ጠረገች። «በጩኸት ነው የተለያየነው።»

መርማሪዋን አንጀቷን በላቻት። ቢሆንም መጠየቋን አልተወችም።

«ካርዶቹን የሚገለብጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ አምስት ዓመት ሆነኝ። የራሴን ብቻ ደብቀውኛል።»

የሟቹ እህት፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ፣ ከቢሮዋ በስልክ ተጠርታ መጣች። አስር አለቃው በቀጥታ ወደ ሳሎን አስገባት።

«እዚህ ቤት ከመጣሁ ወር አልፎኛል፤» አለች መሐረቧን እየጨበጠች። «ያቺ ልጅ ቁጡ ናት። ድሮም ተናግሬ ነበር! ለዚያ ለማይረባ ስሟ ስትጨቀጭቀው፣ ጋሼ ካርዷን ሊያወጣላት እዚያ ላይ ‹አ› መሳቢያ ድረስ ወጥቶ...»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋችና ሁሉንም ወደ ጥናት ክፍሉ ጠራቻቸው።

«ሽማግሌው ከመሰላል አልወደቁም፤» ብላ ጀመረች። «እዚያ መሳቢያ ውስጥ ያለው የተሰበረ መነጽር ነው። መሰላሉን እዚያ ያቆመው ሰው ካርዶቹ በፊደል የተደረደሩ መስሎታል። አምስት ዓመት ስትገለብጥ የኖረች ልጅ እንዲህ አትሳሳትም። አታሚውም ጥቅሎቹን በየምክንያታቸው ነው የሚረከበው። አስር አለቃ፣ ለልጅቷ ያወጣኸውን ካቴና መልሰው።»

«ታዲያ ማን ቀረ?» አለ አስር አለቃው።

«መሳቢያውን ዘግቼ መሰላሉን ያስወሰድኩት ዳይሬክተሯ ከመምጣታቸው በፊት ነው። እሳቸው ግን ሳሎን ተቀምጠው መሳቢያውን ከነፊደሉ ነገሩኝ። አንተ ነህ የነገርካቸው?»

«ኧረ እኔ ትንፍሽ አላልኩም!»

«ለምን ብዬ ነው ወንድሜን የምገድለው?» አለች ዳይሬክተሯ።

መርማሪዋ እያቃሰተች ተንበረከከችና ከታችኛው ረድፍ፣ የደስታ ስሞች ካሉበት መሳቢያ ሥር፣ ቀደም ሲል ፈልጋ ያገኘችውን ካርድ አውጥታ አነበበች።

«‹እንጉዳይ፤ የሴት ስም፣ ብዙ የማይሰማ። እንጉዳይን ማንም አይዘራውም፤ ዝናብ ያበቅለዋል፤ ያገኘው ይደሰታል። መነሻ፤ እናቷ ልታሳድጋት ፈርታ በክረምት እጄ ላይ ትታት ስትሄድ፣ ባዶ ቤቴ ስለሞላ። ስም አውጪ፤ አጎቷ።›»

«አጎቷ?» አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው ከአንዲት እህት በቀር ሌላ ወንድምም እህትም አልነበራቸውም። ሁሉም ወደ ዳይሬክተሯ ዞሩ። እሷም ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ጠዋት መጥቼ ለመንኩት። ቅደደው፣ ሰው ምን ይለኛል አልኩት። ‹መነሻ የሌለው ስም አላትምም፤ ልጅቷም ማወቅ አለባት› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት። ከዚያ መሰላሉ ላይ ወጥቼ ካርዱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ የወደቀ እንዲመስልም መሰላሉን አጠገቡ አጋደምኩት።»

«ልጅዎ በእርስዎ ፈንታ ስትታሰር ዝም ሊሉ?» አታሚውን ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

አስር አለቃው የዳይሬክተሯን ክንድ ይዞ ወደ በሩ ሲወስዳት ልጅቷ ከፊቷ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ «እትዬ» እያለች በአክብሮት ስታናግራት ኖራለች።

«ስወለድ አይተሽኛል?» አለቻት።

«አላየሁሽም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር።»

«አሁን እይኝ።»

ሁሉም ጠበቁ፤ አስር አለቃውም ክንዷን ለቀቀላት። ዳይሬክተሯ ግን ቀና ማለት አቃታት።