ነጭ ካልሲ ያጠለቀው ጫካ

ትርንጎ እንደ ወትሮዋ ማለዳ ሙዚየሙ ገብታ ለጠጋኞቹ ቁርሳቸውን፣ አንድ ማንኪያ የተልባ ዘይት፣ ልትሰጥ ስትል ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

ጠጋኞች ከትቢያ ቅንጣት ያነሱ፣ ሥዕል ላይ እየኖሩ የተሰነጠቀ ቀለም የሚጠግኑ ማሽኖች ናቸው። ዛሬ ግን አልጠገኑም። ያንን የጥንት ሆላንዳዊ ሠዓሊ የሳለውን ዱር፣ አዲስ አበቤ ያልተገራ ጫካ የሚያይበትን ብቸኛ ሸራ፣ አሰማምረውታል። የወደቀው ግንድ ተነሥቷል፤ ቁጥቋጦው ተመንጥሯል፤ የባሉጥ ዛፎቹ እስከ ጉልበታቸው ኖራ ተቀብተዋል።

«ማነው ያዘዛችሁ?» ብላ ጮኸች።

«እንግዳ ይመጣል ሲባል ሰማን» አሉ ጠጋኞቹ በግድግዳው ድምፅ ማጉያ። «የከተማዋን የዛፍ ፎቶ ሁሉ አየን። ዛፍ ሁሉ ነጭ ካልሲ አለው። ይሄ ባዶ እግሩን ነበር።»

ደሟ ፈላ። ሥዕሉን ሲቀይሩ የዋጡትን ጥንታዊ ቀለም እስከ ቀትር ካልመለሱት ይፈጩታል። ከዚያ ወዲያ ዱር ማለት ወሬ ብቻ ነው።

የሙዚየሙ ኃላፊ አቶ ዳምጠው ክራባታቸውን እያስተካከሉ ገቡ። ሥዕሉን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! አሁን ጫካ መሰለ!»

«ጠጋኞቹ ገደሉት እኮ! መልሱ ብለው ይዘዟቸው፤ ትእዛዝ የሚቀበሉት ከእርስዎ ብቻ ነው።»

«ትርንጎዬ፣ ረጋ በይ እንጂ። ሰውየው ከሆላንድ ድረስ ሲመጡ አረም ልናሳያቸው ነው? እንዲያውም አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው የጎደለው።»

ሸራው ጥግ ላይ ወንበር ብቅ አለ።

«እርስዎ ገነት ቢገቡም መጀመሪያ የሚጠይቁት ኖራ ነው!» አለች።

አቶ ዳምጠው እየሳቁ እንግዳውን ሊቀበሉ ወጡ። ትርንጎ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ጠጋኞቹ ትእዛዝ ከኃላፊ ብቻ ይቀበላሉ። ወሬ ግን ከማንም ይቀበላሉ።

«ስሙኝ፤ እንግዳው ቀርተዋል።»

«ቀሩ?»

«ቀሩ አልኳችሁ!»

ኖራው ወዲያው ይረግፍ ጀመር። ወንበሩ ጠፋ፤ አረሙ ተመለሰ፤ ግንዱ እንደ ጥንቱ ውኃው ላይ ተዘረረ። እንግዳ ካለፈ በኋላ ከተማዋም እንዲሁ ናት፤ ጠጋኞቹንም በደንብ አስተምራለች።

ድምፅ የማያሳልፈውን ወፍራም በር ከውስጥ ቆለፈችው። ብዙም ሳይቆይ በሩ በአቶ ዳምጠው ቡጢ ይደበደብ ጀመር።

«ምንድነው የሚመታው?» አሉ ጠጋኞቹ። አንዱ ባሉጥ እግር ላይ ኖራ ነጣ አለ። «እንግዳ ነው?»

«ነፋስ ነው!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

አመኗት። ሰው ያላቸውን ሁሉ ያምናሉ። በዚያ ረጭ ባለ ዱር ውስጥ፣ ሠዓሊው ቀጥ አድርጎ ያቆማቸው ባሉጦች አንድ በአንድ ጎንበስ አሉ፤ ቅጠላቸው ሁሉ በአንድ በኩል ተገለበጠ።

ትርንጎ አፏን በእጇ ያዘች። በሩ አሁንም ይደበደባል። ንዴቷም አልበረደም፤ ብቻ ማን ላይ እንደምታወርደው ጠፋት።