የአባባ አራተኛ ንስሐ

«ሳንቃውን ያዢ ተባልሽ እንጂ ተኚበት አልተባልሽም!» አለ አጎቷ፣ መላጊያውን እየገፋ።

ልጅቷ ደንገጥ ብላ ቀና አለች። ከመላጊያው የሚወጣው የእንጨት ልጣጭ እየተጠቀለለ እግሯ ሥር ይወድቃል። የሚሠሩት የአያቷን የአባባን የሬሳ ሣጥን ነው። ቀብሩ ነገ ነው። ጠዋት እናቷ መጥታ ሣጥኑን እንዲሠራና ቀብሩ ላይ እንዲገኝ ወንድሟን ስትለምነው፣ «ሣጥኑን እሠራለሁ፤ ሙያዬ ነው። ቀብር ላይ ግን አትጠብቁኝ» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ልጅቷ ልታግዘው ቀረች።

አባባና አጎቷ፣ አባትና ልጅ፣ የተኳረፉት እሷ ሳትወለድ ነው። ሁለቱም አናጺ። አጎቷ በጉርምስናው የመጀመሪያ ወንበሩን ሠርቶ ለእንግዶች ሲያሳይ፣ አባባ ሞቅ ብሏቸው ገቡና በመዶሻ ሰባበሩት። «ይሄ የእኔ ልጅ እጅ አይደለም» አሉ፣ ሰው እየሰማ። ልጁ በዚያው ወጣ፤ ደጃቸውን ዳግመኛ አልረገጠም።

«አጎቴ» አለች። «ሰው መሞቻው ላይ ቢጸጸት ይቆጠርለታል?»

«በቀኝ ለተሰቀለው ወንበዴ ተቆጥሮለታል።»

«እሱማ አንዴ ነው። አባባ ግን በታመሙ ቁጥር ነው እኮ! እኔ ራሴ ሦስቴ አይቻቸዋለሁ። 'ጌታ ሆይ ማረኝ፣ ሁለተኛ አልጠጣም' ብለው ያለቅሳሉ፤ ሲሻላቸው በቀጥታ መጠጥ ቤት።»

አጎቷ ሳይወድ ሳቀ። «ልጅ ሆኜ አባቴ አንዴ ንስሐ ገብቶ ቄሱን ቤታቸው ድረስ ሸኘ። ሲመለስ ሁለት ሰው ደግፎት ነው የመጣው።» ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «ግን የወንበዴውስ ንስሐ ስንተኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? አልተጻፈም። የሚያውቀው ከጎኑ የተሰቀለው ብቻ ነው።»

መላጊያውን አስቀመጠና ሳንቃውን በመዳፉ ዳሰሰው።

«እኔን የሚያንገበግበኝ ስሜን ሳያነሳ መሄዱ ነው። አንዴ እንኳ 'ጥሩልኝ' ቢል፣ እንኳን ቀብሩ፣ አልጋው ሥር አድር ነበር።»

ልጅቷ የሳንቃውን ጫፍ አጥብቃ ያዘች።

አባባ ግን ብለው ነበር። ትናንት ከሰዓት፣ እናቷ ወንጌል ስታነብላቸው ቆይታ ወጣ ስትል፣ አባባ የልጅቷን እጅ ያዙ። «ሂጂ፣ ልጄን ጥሪልኝ። ወንበሩን የሰበርኩት ከፍቶ አይደለም፤ ከእኔ ሥራ በልጦ ነው። ቀንቼ ነው። ይቅር በለኝ ብሏል በይው።»

እየሮጠች እዚህ በር ድረስ መጣች። አጎቷ እያፏጨ እንጨት ይቆርጣል። ሰላም ያለው ሰው ይመስላል። እግሯ ተያዘ። ይሄ አራተኛ ንስሐቸው ነው፣ ብላ አሰበች። ሲሻላቸው ይረሱታል። እሱ ግን አምኖ ይመጣና እንደ ወንበሩ ይሰበራል። ዞራ ሄደች።

«የለም፤ ሥራ ወጥቷል» አለቻቸው።

«ግድ የለም፣ እጠብቀዋለሁ» አሉ አባባ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው። ዛሬ ሲነጋ ሞተው የተገኙትም ፊታቸው ወደ በሩ እንደዞረ ነው።

አሁን መልእክቱን ብቻ መንገር ትችላለች። ይቅርታ ጠይቀውህ ነበር፣ ልጠራህ ስል ሞቱ። በቃ። ምስክር የለም። አጎቷ ያለቅሳል፣ ነገ ይመጣል፣ ግንባሯንም ይስማታል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ እንዴት ቀላል ነው!

ግን አባባ እንደዚያ ጥፋታቸውን ደብቀው አልተናገሩም። 'ሰክሬ ነው' ማለት ይችሉ ነበር፤ ሰውም ያምናቸው ነበር። እሳቸው ግን 'ቀንቼ ነው' አሉ።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለ አጎቷ።

«ደህና ነኝ።» የሳንቃውን ጫፍ ለቀቀች። «አባባ የላኩልህ ቃል አለ፣ አጎቴ።»

«ምን ቃል?» ድምፁ ተለወጠ። «ተናገሪ እንጂ!»

«እነግርሃለሁ፣ አንድም ሳላስቀር። መጀመሪያ ግን የእኔን ስማኝ። ትናንት ጥሪልኝ ብለውኝ ነበር። ያልመጣኸው በእኔ ነው።»

አጎቷ የሥራ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እሷ እንደቆመች ቀጠለች።