ሃያ አራት ዲግሪ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራማ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ ሰው እንቅልፍ በወሰደኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በጠራራ ፀሐይ...

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሚጢ ከሰባት ወር በፊት ኩላሊት ተቀይሮላታል።

ኩላሊቱ የእኔ ነው።

ሰውነቷ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይገፋው፣ የበሽታ መከላከያዋን የሚያዳክም ክኒን በየቀኑ ትውጣለች። ክኒኑ ግን ለሌላ እንግዳ በር ከፈተ። አክታዋ ውስጥ እርሾ የሚሉት ፈንገስ አገኘሁ። ዳቦ የሚነፋው አይደለም፣ ሰው የሚገድለው ነው።

ክኒኑን ብታቆም ኩላሊቱ ይሞታል። ብትቀጥል እርሾው ይጨርሳታል። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል።

ስለዚህ ክኒኑንና እርሾውን ሁለት ሳህን ላይ አገናኘኋቸው። አንዱን ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ማሞቂያ ውስጥ፣ በሰው ገላ ሙቀት አስቀመጥኩት። ሌላውን ስልክ ሲጠራ ጠረጴዛ ላይ ረሳሁት።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ከፍቼ አየሁ። የማሞቂያው ሳህን ንጹህ! ለካ ክኒኑ እርሾውንም ይይዘዋል፣ እንዳያድግ ያደርገዋል። በደስታ አለቀስኩ።

የጠረጴዛው ግን... ነጭ፣ ወፍራም፣ እስከ ክዳኑ።

አለቃችን ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት።

"የሚይዘው ሙቀት ላይ ብቻ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ከቀዘቀዘ ይለቀዋል።"

"ታዲያ በሕይወት ያለ ሰው መቼ ቀዝቅዞ ያውቃል?" ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም።

ስምንት ሰዓት ላይ ምሥራቹን ይዤ ወደ ቤት በረርኩ። ሚጢ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ካፖርት ለብሳ...

"በረደሽ እንዴ?"

"ኧረ ምንም አልበረደኝም። አንተ ግን ምነው ላብ በላብ ሆንክ?"

ግንባሯን ነካሁ። እጄን ሳላስበው ሰበሰብኩት።

የላቦራቶሪውን ቴርሞሜትር ከቦርሳዬ አውጥቼ ብብቷ ሥር አደረግኩ።

ሃያ አራት።

ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ራሴ ላይ ሞከርኩት። ሠላሳ ስድስት ተኩል።

መልሼ እሷ ላይ... ሃያ አራት።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የክፍሉን ሙቀት መለኪያ ቀና ብዬ አየሁ።

ሃያ አራት።

"ስንት ይላል ወንድምዬ?"

"ደህና ነው" ብዬ ዋሸኋት።

"እስኪ ስጦታህ ያለበትን ለካው" አለች ቀስ ብላ። "እሱ ጋ ይሞቃል።"

ከታችኛው ሆዷ፣ ከጠባሳው ላይ አስጠጋሁት። እውነቷን ነው። ሠላሳ ሰባት። የእኔ ኩላሊት እዚያ ብቻውን ይሞቃል።

እፎይ ልል ስል...

ሠላሳ ስድስት።

ሠላሳ አምስት።

"ወንድምዬ..." አለች በሹክሹክታ። "ጎንህን ለምን ያዝከው?"

መያዜን አላወቅኩም ነበር። ከእጄ ሥር ያለው የራሴ ጠባሳ በረዶ ሆኗል።