ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

መምህር ደበሳን እኔ ሳልሆን ሰዓት ነበር የሚረታው። ጊዜው ቀድሞ ያለቀበት የሚሸነፍበትን ባለ ሁለት ፊት የቼዝ ሰዓት ከአዲስ አበባ ይዞ መቱ የገባ እሱ፣ በዚያው ሰዓት የሚሸነፍም እሱ።

አባቴ ጎንፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሥራ በኋላ በረንዳችን ላይ ከደበሳ ጋር ይጫወታል፤ ዓይኑ ሲደክም እኔ ተተካሁ። ደበሳ ሰሌዳውን ሲያይ ይቆይና ቀና ብሎ እኔን ያያል። ያኔማ ሰዓቱ ጭራሽ ይረሳል።

«መምህር፣ ሰዓትዎ እየሄደ ነው» እለዋለሁ፣ ፊቴ እየጋለ።

እልኸኛ ነው፤ ፈጣን ካልሆንኩ አልተውም አለ። እኔም የአባቴን የድሮ ሰንጠረዥ፣ የአገራችንን ቼዝ፣ አስተማርኩት። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እጃቸው እንደቻለ ያንቀሳቅሳሉ። አሳቢው ቀና ሲል ሰሌዳው ተይዞ ይጠብቀዋል። ሁሉንም እንዳይመዝን፣ የሚያስፈራውን አንድ ነገር ብቻ አይቶ እንዲወስን ነገርኩት። ክረምቱን ሙሉ እየተሸነፈ ተማረ። መስከረም ሲጠባ በሰዓቱም ያሸንፈኝ ጀመር፤ መሸነፍ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

አንድ ዓርብ እየተጫወትን፣ የሁሩሙ ከተማ ማር ነጋዴ ልጅ ቀጀላ እሑድ ሽማግሌ እንደሚልክብኝ ነገርኩት። በእኛ ቤት ቀድሞ የገባ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ሌላ አይሰማም።

ደበሳ ሊያንቀሳቅሰው ያነሳውን የወታደር ጠጠር እንደያዘ ቀረ። ሌላ ያሰባትን ሴት መሻማት ነውር እንደሆነ፣ መልሳቸውን ይዘው እስኪሄዱ እንደሚጠብቅ አስረዳኝ። ተናደድኩ። ያን ሁሉ ክረምት ምን ተማረ?

«ደበሳ፣ ምንድን ነው የሚያስፈራህ?» አልኩት። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንቺን ማጣት።»

«ገና ምንም አልተበላም። ምን ትጠብቃለህ?»

ወታደሩን አስቀመጠና ተነስቶ ሄደ። ሰዓቱን እንኳ ተጭኖ አላቆመም።

በማግሥቱ ጠዋት የሰፈራችን አዛውንት ጋሼ ሰቦቃ ከደበሳ ተልከው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደጃችን ቆሙ። አባቴ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰክቶ ተቀበላቸው።

«ይህ ልጅ አንድ ወታደር ለማንቀሳቀስ ያስመሸን ነበር። ዛሬ ምን አስቸኮለው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ልጅዎ» አሉ ጋሼ ሰቦቃ።

አባቴ ሳቀና እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጣቸው። እሑድ ለቀጀላ ሰዎች የቀረላቸው መስተንግዶ ብቻ ነበር።

የዚያን ዓርብ ጨዋታ በሰዓት ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን በዚህ አልተከራከረኝም።