ወደ ግራ የከረረ ክር

ደስቴ በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ መደቡ ጋ ስትደርስ፣ የባሏን የአንጁሎን ቀኝ እጅ ከጋቢው ሥር አውጥታ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ስትሮክ ከመታው ሰባት ወር አልፎታል። እጁ ውኃ እንደጠጣ ጥጥ ይከብዳል፤ በተጨበጡት ጣቶች መሀል የታፈነ ላብ ስለሚኮመጥጥ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ታጥባቸዋለች። ከዚያ ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ሲስተር ፀዳለ እንዳሳየቻት አንድ በአንድ ትዘረጋቸዋለች፣ መልሳ ታጥፋቸዋለች። ከጀርባቸው ሠላሳ ዓመት ሲንኳኳ የኖረው የሽመና ዕቃ ድሩ እንደተወጠረ፣ አቧራ ለብሶ ዝም ብሏል።

አንጁሎ ከነበረው ንግግር ሁሉ የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች። ውኃ ሲጠማውም፣ ሽንቱ ሲመጣም፣ እንባው ሲወርድም «ጨርሺ» ይላል።

«አንዳንዱ ላይ እንዲህ ነው፤ አንድ ቃል ትቶ ሌላውን ሁሉ ይወስዳል» አለች ሲስተር ፀዳለ።

ጎረቤቷ እትዬ ጥሩሰው ግን ልትቀልድ ሞከረች። «ሰውየው እንዲህ ተኝቶም ሥራ ያዝሻል? ወይ ሸማኔ ማግባት!»

ደስቴ አልሳቀችም። «ልጄን የገደላት ይኼ ቃል ነው» አለች።

ጥሩሰው ከንፈሯን መጠጠች። የደስቴን ልጅ፣ ምናለሽን፣ ታውቃት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃት ነበር። አባቷ የሸመነውን ነጠላ ጫፍ የምትቋጨው እሷ ነበረች፤ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ሁለት ሁለት ፈትል ታከራለች። ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲያከር እሷ ወደ ግራ ነው። አንጁሎ በመወርወሪያው ጣቶቿን እየመታ ሊያስተዋት ቢሞክርም አልተወችም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ በአንድ የበዓል ዋዜማ ጠዋት፣ አንገቷ ደርቆ፣ ዓይኗ ብርሃን እየሸሸ «ጭንቅላቴ» አለች። ደንበኛዋ ነጠላዋን ልትወስድ በመንገድ ላይ ነበረች። ጨርሺና ትተኚያለሽ ተባለች። ከቀትር በኋላ ሞተች፤ የነጠላው አንዱ ጫፍ እስከ እኩሌታው እንደተቋጨ ቀረ። ደስቴ ነጠላውን አልሸጠችውም። ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ቀኝ እጅ ስታየው ኖረች። እጁ የደረቀ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷም አለቀሰች። ልቧ ግን፣ እግዚአብሔር አይቷል፣ አለ።

ሲስተር ፀዳለ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ የሁለቱንም የደም ግፊት ለካች። መሣሪያውን ደግማ አየችው።

«እማማ፣ የእርስዎ ከእሳቸው ይብሳል። ዛሬውኑ ክኒን ይጀምሩ።»

«እኔ ምን ሆኜ? በሁለት እግሬ የቆምኩ ሰው።»

«እሳቸውም ቆመው ነበር» አለች ሲስተሯ በቀስታ። ስትወጣ፣ «እጃቸው የሚያውቀውን ነገር ያስይዙት፤ ክርም ቢሆን» ብላ ሄደች።

ደስቴ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራለችና በክኒኑ ፖስታ ላይ የተጻፈውን የራሷን ስም አነበበች። ከዚያ ፖስታውን ስኳር ዕቃው ጀርባ ወሸቀችው። አንጁሎ የተከናነበው ጋቢ ገና ጫፉ ያልተቋጨ ነበርና የተንጠለጠሉትን ክሮች በደረቁ ጣቶቹ መሀል አስገባችለት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ ከቤት ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማች። አይጥ ገለባ ውስጥ ስትሄድ ዓይነት፣ ደረቅ፣ የማይቸኩል፣ እያረፈ የሚቀጥል ድምፅ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። አንጁሎ ራሱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ቀኝ እጁ ብቻ ነቅቶ ክር ያከራል።

ሲስተሯን ልትጠራ ወደ በሩ ዞረች፤ ከዚያ ቆመች። አንጁሎ ዕድሜውን ሙሉ ጫፍ ቋጭቶ አያውቅም፤ የሴት ሥራ ነው ይላል። ጎንበስ ብላ ክሩን አየች። ወደ ግራ ከሯል።

ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ እጁ ቀን ቀን ይሠራል። ሲደክም ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ ይወጣል፣ የተጣመመውን አፉን ፈልጎ ጣቱን በከንፈሩ ያርሳል፣ ተመልሶ ወርዶ ይቀጥላል። አንጁሎ ያን ጊዜ ዓይኑ ይፈጣል። በሚሰማው ግራ እጁ ላይ የመቆንጠጥ ምልክት ታየ፤ መጀመሪያ ክንዱ ላይ፣ ቀጥሎ ትከሻው ላይ፣ እንደ ምስር ፍሬ ደቃቅ የሆነ፣ የልጅ ጣት የቆነጠጠው የሚመስል። በግራ እጁ የደስቴን መቀነት ይዞ ወደ ቀኙ ይጠቁማል፤ እሰሪው ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል።

«ጨርሺ» አለ እያለቀሰ። «ጨርሺ።»

«እየጨረሰች ነው» አለችው ደስቴ። መቀነቷን ከእጁ አላቀቀች። ከዚያም እጁን ከጭኑ አንስታ ሆዱ ላይ አስቀመጠችው። በማግሥቱ ደረቱ ላይ። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ሥር አኖረችውና በሩን ገርበብ አድርጋ ገበያ ወጣች።

ስትመለስ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። የጋቢው ጫፍ ሁሉ ተቋጭቶ አልቋል። አንገቱ ዙሪያ ክር የሚያህሉ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ነበሩ። ደስቴ ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበችለትና ከዚያ ነው እሪ ያለችው። ሲስተር ፀዳለ ደርሳ፣ «ሁለተኛው ስትሮክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል» አለች። ማንም ጋቢውን አልገለጠም።

ከሠልስቱ በኋላ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ደስቴ ሳጥኑን ከፍታ የልጇን ነጠላ አወጣች። የናፍታሊንና የቆየ ጥጥ ሽታ ነበረው። ለበሰችው፤ የአንጁሎ መደብ ላይም ተቀመጠች። ፀሐይዋ እንደ ወትሮው በመስኮቱ ገባች። ቀኝ ጎኗን አንድ ነገር ያደነዝዛታል፤ የለቅሶ ድካም ነው አለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ አረፈ። «ተበቀልሽ ልጄ» አለች።

ያ ደረቅ ድምፅ ተሰማት።

የሽመና ዕቃውን አየች፤ ዝም ብሏል። ወለሉን አየች። ድምፁ ከጭኗ ነበር። ቀኝ እጇ፣ የማይሰማት፣ የማታዘው ቀኝ እጇ፣ ነጠላው ላይ ሳይቋጭ የቀረውን እኩሌታ ይዞ ሁለት ሁለት ፈትል ያከራል። ወደ ግራ።

ያን ጊዜ ያ ጠዋት እንዳለ ተመለሰባት። አንጁሎ በሩ ላይ ሆኖ ለገበያ ጫማውን እያሰረ ነበር። ልጅቷን አይቶ ደስቴን፣ «ተያት፣ ትተኛ» ብሏት ነበር። ነጠላውን ከወለል አንስታ ልጅቷ ጭን ላይ የወረወረችው፣ ያንን ቃል የተናገረችውም ራሷ ደስቴ ነበረች።

እጁ ሥራውን አቁሞ ቀስ ብሎ ወደ አፏ ወጣ፣ ጣቱንም በከንፈሯ አራሰ። ደስቴ በግማሽ ፊቷ ታግላ እትዬ ጥሩሰውን ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ የወጣው «ጨርሺ» የሚል ቃል ብቻ ነበር፣ እጁም እንደ ድሮው ታዛዥ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ።