ከጋርዴኒያው ሥር

«የሳሙና እጣቢ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?» አለች የሉላ እናት፣ የጋርዴኒያውን ቅጠል በሁለት ጣቶቿ ይዛ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ቀርተዋል።

ተከራያቸው ሰዓዲያ እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ወላሂ እትዬ አለም፣ እኔ እጣቢ የምደፋው ከበር ውጭ፣ ቦዩ ላይ ነው። ልጄንም ይጠይቋት።»

«ልጅሽማ ምን ልትል ነው?»

የሰዓዲያ ልጅ ሱሀይላ ከሰርቪሱ ደጃፍ ሆና ሉላን አየቻት። ሉላ ቦርሳዋ ላይ አቀረቀረች።

ጋርዴኒያው የበቀለው በትልቁ ቤትና በሰርቪሱ መካከል ባለች ጥግ ነው፤ ነፋስም የኅዳር ውርጭም አያገኘውም። ክረምት ከበጋ ለምለም ነው፤ ሲያብብ ሽታው እስከ አጥሩ በር ይደርሳል። የተከለው የሉላ አባት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ እናቷ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ስለ አባቷ ግን አታነሳም።

ባለፈው ወር የእርሻ አስተማሪያቸው ቲቸር ኃይለኪሮስ «አመድ ለጓሮ አትክልት ፍቱን ነው» ሲሉ ሉላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። መብራት በፈረቃ ስለሆነ የከሰል አመድ ሞልቷል። እናቷን ለማስደሰት ብላ አንድ ባልዲ ሙሉ ከጋርዴኒያው ሥር ደፋች፤ እንዳይታይም አፈር መለሰችበት። ዛሬ ጠዋት ስትጠይቃቸው ቲቸር ሳቁ።

«ለጎመን ነዋ ያልኩት! ጋርዴኒያ አመድ አይስማማውም። ቶሎ ካልተጠረገለት ይደርቃል።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልጊ» አለች እናቷ ሰዓዲያን።

ሱሀይላ ወደ ሉላ ተጠጋች። «ላምበረት አክስቴ ጋ ልንገባ ነው በቃ» አለች በሹክሹክታ። «አቦ አንቺ እንኳን አንድ ቃል ተንፍሺ! እጣቢ ስንደፋ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ይሄን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። ሉላ ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች፤ በእናቷና በሰዓዲያ መካከል አልፋ ከጋርዴኒያው ሥር ተንበረከከች።

«ምን ልትሆኚ ነው? ሥሩን እንዳትነኪው!»

«አልነካውም፣ እማ።»

ጥቁሩን አፈር በጣቶቿ ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ግራጫው ብቅ አለ። አንድ እፍኝ ዘግና ቀና አለች።

«አመድ ነው። እኔ ነኝ የደፋሁት።»

እናቷ የሉላን እጅ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሰዓዲያ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ሉላ ወደ ሥሩ ተመልሳ በጥንቃቄ መዛቅ ጀመረች። ባልዲውን ያመጣችላት ሱሀይላ ነበረች።